ከፎቶ ጀርባ እስከ ቅሬ (የዕድር) መዝገብ፦ የቤተሰባችሁን ታሪክ ለማግኘት ከየት ትጀምራላችሁ?

አያቴ ካረፈች በኋላ፣ አርባዋ ወጥቶ ሳጥኗ ሲከፈት፣ ከነጠላዎቿ ስር አንድ ፎቶ ወጣ። መዳፍ አያክልም። ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆረጠ ነው። አንዲት ልጃገረድ ቀለም ከተቀባ መጋረጃ ፊት ቆማለች። ጀርባው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ለእህቴ ለወለተ ሥላሴ ለማስታወሻ፣ ፲፱፻፶፮»። እስከ «ለማስታ» ድረስ ያለው በሰማያዊ ብዕር ነው። «ወሻ» እና ዓመተ ምሕረቱ ግን በእርሳስ ተጽፈዋል።

እናቴና አጎቶቼ ፎቶውን እየተቀባበሉ አዩት። ልጅቷን የሚያውቃት ጠፋ። «በቤታችን ወለተ ሥላሴ የምትባል የለችም» አሉ። እኔ ግን ስሙን አንድ ቀን ሰምቼዋለሁ። የአያቴ ፍትሐት ላይ የነፍስ አባቷ የጠሯት በዚህ ስም ነበር።

ያቺን ልጅ ለማግኘት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። መንገዱ ላይ ብዙ ተሳስቻለሁ፣ ብዙም ተምሬያለሁ። እናንተ ብዙ ሳትደክሙ እንድትጀምሩ የተማርኩትን በየተራው ልንገራችሁ።

1. ከመዝገብ በፊት ሰው

በቤተሰባችሁ በዕድሜ ትልቁ ሰው ማነው? በዚህ ሳምንት ሂዱ። መዝገቡ ይቆያል፣ እሳቸው ግን ላይቆዩ ይችላሉ። ቡናና ስኳር ይዛችሁ ሂዱ። የመጀመሪያ ቀን ደብተር አታውጡ። ሰው ደብተር ሲያይ ንግግሩን ይቆጥባል። ሁለተኛ ስትሄዱ «ድምፅዎን ልቅረጽ?» ብላችሁ አስፈቅዱና ስልካችሁን ትራስ ላይ አስቀምጡት።

ከሁሉም በላይ ልብ የሚሉት ነገር አጠያየቁ ነው። እኔ የአያቴ የአክስት ልጅ ዘንድ ሄጄ ቀጥታ ጠየቅኩ።

«እማማ፣ አያቴ እህት ነበራት?»

«የለም ልጄ» አሉኝ። አለቀ። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

በሦስተኛው ቀን ስለ ፎቶው አላነሳሁም። «ልጅ ሆናችሁ እነ አያቴ ቤት ስታድሩ፣ ማን የት ነበር የሚተኛው?» አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። በጣታቸው እየቆጠሩ ጀመሩ። አባትየው አልጋው ላይ። እናትየው ከእሳቸው ጋር። አያቴ መደቡ ላይ፣ በግድግዳው በኩል። እማማ ራሳቸው ከአጠገቧ። «ትንሿማ ምድጃው ጥግ ነበረች፣ ብርድ አትችልም ነበር።»

«ትንሿ ማን ናት እማማ?»

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ነገሩኝ። የአያቴ እናት ሁለተኛ ባል አግብታ ነበር። ትንሿ የእሱ ልጅ ናት። ሲፋቱ አባቷ ልጁን ይዞ ወደ ደሴ ሄደ። ሁለቱ ወገኖች በክፉ ተለያዩ፣ ከዚያ በኋላ በቤቱ ስሟ አልተነሳም።

እማማ ሊዋሹኝ ፈልገው አልነበረም። «እህት ነበራት ወይ» የሚለው ጥያቄ ጠቡን ነው የቀሰቀሰባቸው። ስለ መኝታው ስጠይቅ ግን ቤቱን አሳየኋቸው፣ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ልጅቷ አለች። ስለዚህ ስለ ዘር ሐረግ ሳይሆን ስለ ኑሮ ጠይቁ። ማን ክርስትና አነሳችሁ? ውኃ ከየት ነበር የሚቀዳው፣ ማን ይቀዳ ነበር? የማን ሠርግ ላይ ተጨፈረ? ለቅሶ ላይ ማን ከሩቅ መጣ? ሙሾ የሚያውቁ ከሆነ ያንጎራጉሩላችሁ። አልቃሽ የሟቹን አባትና አያት፣ አገሩንና የፈረስ ስሙን እያነሳች ነው የምታስለቅሰው። ፉከራም እንደዚያው ነው። ግጥም ስለሆነ ከተራ ወሬ ይልቅ አይረሳም።

2. ሰው ብዙ ስም አለው

እኔ አንድ ዓመት ያባከንኩት እዚህ ላይ ነው። ፍለጋዬ ሁሉ በአንድ ስም ነበር።

የእኛ ሰው የዓለም ስም አለው። ክርስቲያን ከሆነ የክርስትና ስም አለው፤ ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ይወጣላቸዋል። የቤት ስም ወይም የቁልምጫ ስም አለ። ጦር የዋለ ከሆነ የፈረስ ስም አለ። አፄ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ አፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ እንደምንላቸው፣ ብዙ ተራ ወታደርም በሰፈሩ የሚታወቀው በፈረሱ ስም ነበር። በአንዳንድ አገር ደግሞ አማት ለምራቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች።

የአያቴ ነገር የተፈታው በዚህ በመጨረሻው ነው። እኛ የምናውቃት ስም አማቷ ያወጣችላት ነበር። ከማግባቷ በፊት እናቷ ቤት ውስጥ የምትጠራት ወለተ ሥላሴ ብላ ነው። ትንሿ እህት ሌላ ስም አታውቅላትም። ስለዚህ ፎቶውን ስትልክ የጻፈችው የምታውቀውን ስም ነው።

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ስጡትና ስሞቹን ሁሉ ከላይ ደርድሩ። በቤተሰባችሁ የብራና ዳዊት ወይም ድርሳን ካለ ቀስ ብላችሁ ገልጡት። ጸሎቱ መካከል «ለገብርከ» ካለ ወንድ፣ «ለአመትከ» ካለ ሴት ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ያስጻፈው ወይም የመጽሐፉ ባለቤት የሆነው ሰው የክርስትና ስም ነው። አንዳንዴ የፊተኛው ባለቤት ስም ተፍቆ የኋለኛው በላዩ ይጻፋል። ፍቁን በጣታችሁ አትንኩት፣ ከጎን ብርሃን አብርታችሁ ፎቶ አንሱት።

ወሎ ላይ ደግሞ በአንድ የዘር ሐረግ ውስጥ የክርስቲያንና የሙስሊም ስም እየተፈራረቀ ሲመጣ አትደንግጡ። የተሳሳታችሁ መስሏችሁ መስመሩን አትቁረጡ። እዚያ ቤተ ክርስቲያኑንም መስጊዱንም፣ የክርስትና ወረቀቱንም የኒካሁንም መጠየቅ ነው።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ ስትፈልጉ ሌላ ችግር አለ። አሜሪካ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ይሆንና ልጆቹም እሱኑ ይዘው ይቀጥላሉ። ስለዚህ ሦስተኛው ስም የልጁ ቅድመ አያት ሆኖ ይገኛል። እስራኤል በ1977 እና በ1983 በዘመቻ ከገቡት ቤተ እስራኤላውያን መካከል ብዙዎቹ እዚያ ሲደርሱ የዕብራይስጥ ስም ወጥቶላቸዋል። እዚያ ያለ ዘመድ ካላችሁ የጎንደሩን ስም ጠይቁ።

3. «በሉቃስ፣ ኅዳር ሚካኤል፣ በገበያ ቀን»

ይኼ ክፍል ለእኔ ከሁሉ የሚጥመኝ ነው።

ትልልቅ ሰዎች «ዓመተ ምሕረቱን አላውቅም» ሲሉ ጊዜውን አያውቁትም ማለት አይደለም። እማማን ትንሿ መቼ ተወለደች ብዬ ስጠይቃቸው «እኔ ምን አውቄ» አሉ። ወዲያው ግን ቀጠሉ። «ጠላት ከወጣ በኋላ ነው። ኅዳር ሚካኤል ዕለት። በሉቃስ። ሐሙስ ነበር፣ እናቷ ገበያ እንደወጣች ነው ምጡ የያዛት።»

ከዚህ በላይ የልደት ሰርተፊኬት የለም። አሁን እንቁጠረው።

ጠላት የወጣው በ1933 ነው። ኅዳር ሚካኤል ኅዳር 12 ነው። ወንጌላዊውን ለማወቅ ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሉ። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ከ1933 በኋላ ያሉት የሉቃስ ዓመቶች 1935፣ 1939፣ 1943፣ 1947 እያሉ ይሄዳሉ። ስልካችሁ ላይ የኢትዮጵያን ቀን መቁጠሪያ ጭናችሁ ኅዳር 12ን በየዓመቱ እዩ። 1935 ላይ ቅዳሜ ነው። 1939 ላይ ሐሙስ። 1943 ላይ ማክሰኞ። 1947 ላይ እሑድ።

ልጅቷ የተወለደችው ኅዳር 12 ቀን 1939 ነው። በፈረንጅ ኖቬምበር 21፣ 1946።

ወንጌላዊው፣ የወሩ ቀንና የሳምንቱ ቀን ሦስቱ አንድ ላይ የሚገጥሙት በ28 ዓመት አንዴ ነው። ስለዚህ «ከማይጨው በፊት ነው በኋላ» የሚለውን ብቻ ካወቃችሁ ዓመቱ ይገኛል። የወሩን ቀን ደግሞ ቅዱሳኑ ይነግሯችኋል፦ አቦ 5፣ ሥላሴ 7፣ ሚካኤል 12፣ ኪዳነ ምሕረት 16፣ ገብርኤል 19፣ ማርያም 21፣ ጊዮርጊስ 23፣ መድኃኔዓለም 27።

ማንጠልጠያ የሚሆኗችሁን ዓመቶች ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉ። ክፉ ቀን የሚባለው ረሃብ ከ1880 እስከ 1884። ዓድዋ የካቲት 1888። የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 1909። የኅዳር በሽታ 1911። ማይጨው መጋቢት 1928። የካቲት 12 የሚባለው 1929። የታኅሣሥ ግርግር 1953። መሬት ላራሹ 1967። ሰው «ያኔ ዳዴ እል ነበር» ወይም «ያኔ አርግዣለሁ» ሲላችሁ ከእነዚህ አንዱ ላይ አንጠልጥሉት።

ወደ ፈረንጅ ስትቀይሩ ዝም ብላችሁ 8 አትደምሩ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ የሚደመረው 7 ነው፣ ከዚያ በኋላ 8። ወረቀት ላይ ልደታቸው ጃንዋሪ 1 የሆነ ሐበሾች ካያችሁም እውነት አድርጋችሁ አትመዝግቡት። ብዙ ጊዜ ቀኑ ስላልታወቀ የተሞላ ነው።

4. አሁን ወደ ወረቀቱ

ወረቀት ሲባል ሁሉም ሰው ቀበሌ ይመጣለታል። ይሞከር። ነገር ግን ወሳኝ ኩነት በአገር ደረጃ መመዝገብ የጀመረው በ2008 ነው። ከዚያ በፊት ያለውን በየቀበሌው የድሮ ማኅደር ነው የምታገኙት። የቤት ፋይልም አትርሱ፣ በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ብዙ የቤተሰብ ስም ወረቀት ላይ ሰፍሯል። አንድ መሥሪያ ቤት «መዝገቡ ተቃጥሏል» ተብዬ ተመልሼ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ሠራተኛ ከቁም ሳጥን አውጥታ ሰጠችኝ። ሁለቴ ጠይቁ፣ በተለያየ ሰው።

ዘመዳችሁ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ወታደር ወይም አስተማሪ ከነበሩ የግል ማኅደራቸውን ፈልጉ። ሲቀጠሩ የሞሉት የሕይወት ታሪክ ቅጽ ውስጥ የትውልድ ቦታና የወላጅ ስም አለ፣ በራሳቸው እጅ የተጻፈ። ሹመት ወይም ሽልማት ከነበራቸው ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት) ሄዳችሁ የድሮ ጋዜጦችን ጠይቁ። ብርሃንና ሰላም ከ1917፣ አዲስ ዘመን ከ1933 ጀምሮ አለ። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምም ሌላው በር ነው።

ብዙ ሰው የማያስበው ግን የርስት ክርክር ወረቀት ነው። የአባቴ ወገን ጎጃም ነው። እዚያ ርስት በአባትም በእናትም ይወረዳል። የሚከራከር ሰው ከአቅኚው አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ ትውልዱን ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበት። ተከራካሪው ደግሞ አንዷን ስም ለማፍረስ ቆሞ ይጠብቃል። አጎቴ ዘንድ በአቁማዳ ውስጥ፣ ከግብር ካርኒዎች ጋር ተጠቅልሎ፣ አንድ የፍርድ ግልባጭ ነበር። ወረቀቱ ከመታጠፍ ብዛት በአራት ቦታ ተቀዷል። ወለል ላይ ገጣጥመን ጎን ለጎን ተንበርክከን አነበብነው።

እኛ በቃል የምንቆጥረው ሰባት ቤት ሁሉም ወንድ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ከአራተኛው ቦታ የሴት ስም ወጣ። መሬቱ የመጣው በእሷ በኩል ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ማንም ያልጠራትን ሴት የጠበቃት ሙግቱ ነው። አጎቴ ስሟን ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ ሦስት ሴት ልጆቹን ጠርቶ አሰማቸው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ርስት ለማግኘት ብሎ ትውልድ የሚያሳጥርም የሚጨምርም ነበር። የፍርድ ወረቀት ጥሩ ምስክር ነው፣ ነገር ግን ጥቅም ያለው ምስክር ነው። ከሌላ ወገን ጋር አስተያዩት።

የዕድር መዝገብን ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት ልጅቷን የሰጠኝ እሱ ስለሆነ ነው። ወሎ ላይ ቅሬ ይሉታል። ቅሬ የሚከፍለው ለአባሉ ብቻ አይደለም፤ ለእናቱ፣ ለአባቱ፣ ለእህት ወንድሙ ለቅሶም ይደርሳል። ስለዚህ አባሉ ሲገባ እነዚህን ሁሉ ያስመዘግባል። በየትኛውም መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ የቤተሰብ ዝርዝር አላየሁም።

ፎቶው ጀርባ ላይ ከጽሑፉ በታች የደበዘዘ የፎቶ ቤት ማኅተም ነበር። «ደሴ» የሚለው ይነበባል። እማማ የልጅቷን ስምና የአባቷን ስም ሰጡኝ። ደሴ ሄጄ በየሰፈሩ የቅሬ ጸሐፊዎችን ለመንኩ። አራተኛው ሽማግሌ ሽፋኑ በጨርቅ የተለጠፈ ትልቅ መዝገብ አወጡልኝ። በባሏ ስም በተከፈተው ገጽ ላይ፣ በሚስት በኩል፣ «እናት» ከሚለው ፊት የቅድመ አያቴ ስም አለ። «እህት» ከሚለው ፊት ደግሞ፦ ወለተ ሥላሴ፣ አዲስ አበባ።

የስልሳ ዓመት ኩርፊያ መካከል ላይ ሆና እህቷን ለለቅሶ አስመዝግባት ነበር። መዝገቡ ላይ እጄን አድርጌ ብዙ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው ውኃ አመጡልኝ።

5. የምትጽፉበት መንገድ

አጭር ነው። ከእያንዳንዱ ነገር አጠገብ ከሦስት ቃል አንዱን ጻፉ፦ «ሰማሁ»፣ «አየሁ»፣ «ገመትኩ»። ከማን፣ የትና መቼ እንደሆነም ጨምሩ። ስሙን በተጻፈበት ፊደል ቅዱ፣ ኃይሉን ሀይሉ አታድርጉት። የግዕዝ ቁጥር ስታነቡ ፮ እና ፯ን ሁለቴ እዩ፣ እኔ አንዴ አሳስቼ የአንድ ዓመት ልዩነት ሲያደናግረኝ ከርሟል። ፎቶ ስታነሱ ጀርባውንም አንሱ። ኮፒውን ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ላኩ።

6. ያልጠበቃችሁት ሲወጣ

ይወጣል። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ይወጣል። የሚቆጠረው አባት የወለደው ሳይሆን ያሳደገው ሆኖ ይገኛል። አያታችሁ ባሪያ አሳዳሪ እንደነበሩ፣ ወይም እናታቸው ተሸጣ የመጣች ሴት እንደሆነች ትሰማላችሁ። በብዙ ቤት አለ፣ ጮክ ብሎ የሚናገረው ግን ጥቂት ነው።

እኔ የያዝኩት እንዲህ ነው። ደብተሩ ላይ ሁሉንም እጽፋለሁ፣ አንድም አላስቀርም። በሕይወት ያለን ሰው የሚነካውን ግን ባለቤቱ ሳይፈቅድ ለቤተሰብ ግሩፕ እንኳ አልልክም። ነገሩን የነገሩኝ ሰው «ይኼን ከሞትኩ በኋላ» ካሉ እጠብቃለሁ። የተጣላ ወገን ስታገኙም በስልክ አትጀምሩ። ሽማግሌ ወይም ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው አስቀድሙ።

እኔም እንደዚያው አደረግኩ። የቅሬው ሽማግሌ ደወሉልኝ። ልጅቷ፣ አሁን እማማ ናቸው፣ ባላቸው ካረፉ በኋላ ልጃቸው ዘንድ ገብተዋል አሉኝ። አዲስ አበባ። ከእናቴ ቤት በሁለት ታክሲ ነው የሚደረሰው።

ከእናቴ ጋር ሄድን። ጋቢ ለብሰው መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል። እናቴን ገና ከበሩ ሲያዩ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ እናቴ አያቴን ቁርጥ ናት። ብዙ ተላቀሱ። ሲረጋጉ ፎቶውን ሰጠኋቸው። ፊቱን ብዙም አላዩትም። ገልብጠው ወደ ብርሃኑ አስጠጉት፣ ጣታቸውን ሰማያዊው ቀለም ወደ እርሳስ የሚለወጥበት ቦታ ላይ አሳረፉ።

«እዚህ ጋ ቀለም ጨረሰብኝ» አሉ። «ፎቶ ቤቱ ሊዘጋ ነው፣ መልእክተኛው ደጅ ቆሟል። ከሰውየው እርሳስ ለምኜ ነው የጨረስኩት።»